በቼዝ መክፈቻ ስለ ማጥመድና ስለ መሠዋት
(ለጀማሪ ተጫዋቾች የቀረበ ትምህርት)



በአቃቂና በቃሊቲ ሠፈሮች፣ ካርቶን ላይ በተሠመረ ገበታ በቆርኪ ዳማ ያልተጫወተ ወጣት ጥቂት ነው። ቼዝ ግን ለብዙዎቻችን ዘግይቶ የሚደርሰን ጨዋታ ነው። ሲደርሰንም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከማሸነፊያው ነው። ጀማሪው የጠጠሮቹን አካሄድ በቅጡ ሳይለይ በአራት እርምጃ ንጉሥ የሚያዝበትን ዘዴ ይማርና በዕድሜ ከእርሱ የሚያንሱትን ሁሉ ይረታበታል። ተረቺው ልጅ በምን እንደተሸነፈ ሳይገባው ገበታውን ትቶ ይሄዳል፤ ረቺውም ከዚያች ከአንዲቱ ዘዴ በቀር ሌላ አይማርም። እንዲህ ሲሆን ሁለት ተጫዋቾች ባንድ ቀን ጠፉ ማለት ነው።

እንግዲህ በመክፈቻ ላይ ወጥመድ መዘርጋትና ጠጠር መሠዋት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ መቼ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን በምሳሌ ማስረዳት ነው። መልሱን ከወዲሁ ባጭሩ ለመናገር፣ የአንድ ወጥመድ ደግነትና ክፋት የሚለየው ተጋጣሚው በተሳሳተ ጊዜ አይደለም፤ ትክክለኛውን መልስ በሰጠ ጊዜ ነው። ተጋጣሚ ከተሳሳተማ የማይሠራ ዘዴ የለም።

ስለ ስሞችና ስለ ቤቶች

ጽሑፉን ገበታ ዘርግታችሁ እየተከተላችሁ ብታነቡ ትጠቀማላችሁ። ጠጠሮቹን ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ፣ ፈረስና ወታደር እንላቸዋለን። ዋጋቸውም በተለመደው ግምት ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ እያንዳንዳቸው 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ነው። ንጉሥ ዋጋ አይተመንለትም፤ እርሱ ከተያዘ ጨዋታው አብቅቷልና።

የቤቶቹ ስም በነጩ ተጫዋች በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ሲሆን፣ ከነጩ ወደ ጥቁሩ ደግሞ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። ስለዚህ የነጩ ንጉሥ የሚነሣው ከኢ1፣ የጥቁሩም ከኢ8 ነው።

አንድ ቤት በተለይ ልብ በሉልኝ፤ እርሱም ኤፍ7 ነው። ጨዋታው ሲጀመር በዚያ ቤት የቆመውን የጥቁር ወታደር ከንጉሡ በስተቀር የሚጠብቀው የለም። በነጩ በኩል የዚህ አቻ ኤፍ2 ነው። ከዚህ በታች ከምናያቸው ሦስት ምሳሌዎች ሁለቱ ይህንኑ ድካም የሚፈልጉ ናቸው።

አንደኛ ምሳሌ፦ የአራት እርምጃው ወጥመድ

1. ነጭ፦ ወታደር ኢ4። ጥቁር፦ ወታደር ኢ5።
2. ነጭ፦ ንግሥት ኤች5። ጥቁር፦ ፈረስ ሲ6።
3. ነጭ፦ ጳጳስ ሲ4። ጥቁር፦ ፈረስ ኤፍ6።
4. ነጭ፦ ንግሥት ኤፍ7ን በላች። ንጉሡ ተያዘ።

የጥቁሩ ሦስተኛ እርምጃ ንግሥቲቱን የሚያስፈራራ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ጳጳሱና ንግሥቲቱ በአንድ ላይ ኤፍ7ን እያዩ መሆናቸውን አልተመለከተም። ንጉሡ ንግሥቲቱን እንዳይበላ ጳጳሱ ከሲ4 ሆኖ ይጠብቃታል።

አሁን ጥቁሩ ነገሩን አይቷል እንበል። በሁለተኛው እርምጃ ፈረሱን ሲ6 ላይ ማውጣቱ ትክክል ነው፤ ኢ5ን ይጠብቅለታልና። በዚያ ጊዜ ቸኩሎ ወታደሩን ወደ ጂ6 ቢገፋ ግን ንግሥቲቱ ኢ5ን በልታ ቼክ ትላለች፤ ከዚያም በኤች8 የቆመውን ግንብ ትበላለች። ቅደም ተከተሉ ስለዚህ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ፈረስ ሲ6፣ ጳጳሱ ሲ4 ከወጣ በኋላ ወታደር ጂ6። ንግሥቲቱ ተገፍታ ወደ ኤፍ3 ስትመለስ ኤፍ7ን ዳግመኛ ታስፈራራለች፤ ጥቁሩም ፈረሱን ኤፍ6 ላይ አቁሞ መንገዷን ይዘጋባታል።

ሒሳቡን እንመልከት። ጥቁሩ ሁለት ፈረሶች አውጥቷል። ነጩ ያወጣው አንድ ጳጳስና ሁለት ጊዜ የተንቀሳቀሰች ንግሥት ነው። ከዚህም ሌላ ኤፍ3 የነጩ ፈረስ መልካም ማረፊያ ሳለ ንግሥቲቱ ያዘችበት። በዚያ ላይ ነጩ ካልተጠነቀቀ የጥቁሩ ፈረስ ከሲ6 ወደ ዲ4 ዘልሎ ንግሥቲቱንና ሲ2ን ባንድ ጊዜ ያስጨንቃል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ብሂላችን ለዚህ አይነቱ መክፈቻ የተነገረ ይመስላል። ሆኖም ነጩ በዚህ ምክንያት ወዲያው አይሸነፍም፤ የጠፋበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ወጥመድ ጥቂት የሚያስከፍል ወጥመድ ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ የሽልንጉ ወጥመድ

ይህኛው በእንግሊዛዊው ተጫዋች በብላክበርን ስም ይጠራል። «የሽልንግ» መባሉም በአንድ ሽልንግ ውርርድ ከሚጫወቱ ጀማሪዎች ጋር ተያይዞ ነው። አጥማጁ ጥቁሩ ነው።

1. ነጭ፦ ወታደር ኢ4። ጥቁር፦ ወታደር ኢ5።
2. ነጭ፦ ፈረስ ኤፍ3። ጥቁር፦ ፈረስ ሲ6።
3. ነጭ፦ ጳጳስ ሲ4። ጥቁር፦ ፈረስ ዲ4።

ጥቁሩ የኢ5ን ወታደር ያለ ጠባቂ ትቶ ፈረሱን ወደፊት አዘለለ። ሥጋው በወጥመዱ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ነጩ ቢጎመጅ የሚከተለው ይህ ነው።

4. ነጭ፦ ፈረስ ኢ5ን በላ። ጥቁር፦ ንግሥት ጂ5።
5. ነጭ፦ ፈረስ ኤፍ7ን በላ። ጥቁር፦ ንግሥት ጂ2ን በላች።
6. ነጭ፦ ግንብ ኤፍ1። ጥቁር፦ ንግሥት ኢ4ን በልታ ቼክ አለች።
7. ነጭ፦ ጳጳስ ኢ2። ጥቁር፦ ፈረስ ኤፍ3። ንጉሡ ተያዘ።

የነጩ ንጉሥ በገዛ ጠጠሮቹ ታፍኖ በፈረስ ተያዘ። ኢ2 ላይ ያለው ጳጳስ ፈረሱን እንዳይበላ የጥቁር ንግሥት በቀጥታ አነጣጥራ ይዛዋለች፤ ቢንቀሳቀስ ንጉሡ ይጋለጣልና። እጅግ የሚያምር ፍጻሜ ነው፤ አይቶ የማይማረክ ወጣት የለም።

ነገር ግን ነጩ በአራተኛው እርምጃ ባይጎመጅስ? ዲ4 ላይ የቆመውን ፈረስ በራሱ ፈረስ ይበላል፤ ጥቁሩም በኢ5 ወታደር መልሶ ይበላዋል። እንግዲህ ገበታውን ቁጠሩ። ጥቁሩ አራት ጊዜ ተጫውቶ አንድም ጠጠር አላወጣም፤ ያወጣው ፈረስ ተበልቷል። ነጩ ጳጳሱን አውጥቷል፤ በሚቀጥለው እርምጃ ንጉሡን ከግንቡ ጋር አዛውሮ ሊያስጠብቅ ይችላል። ጥቁሩ ወጥመዱን ሲዘረጋ ሁለት እርምጃ የፈጀበት ፈረስ ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» የሚለውን ምሳሌ አስታውሱ። እንዲያውም ነጩ ከጎመጀ በኋላ እንኳ በአምስተኛው እርምጃ በፈረስ ፈንታ በጳጳሱ ኤፍ7ን በልቶ ቼክ ቢል፣ ከሞት ተርፎ መታገል ይችላል።

ከዚህ ወጥመድ የምንማረው፣ አጥማጁ ዋጋውን የሚከፍለው አስቀድሞ መሆኑን ነው። ተጋጣሚው ቢሳሳት ትርፉ ትልቅ ነው፤ ባይሳሳት ግን አጥማጁ በራሱ እጅ ራሱን አደከመ።

ሦስተኛ ምሳሌ፦ የለጋል መሥዋዕት

ለጋል በ18ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ከተማ የኖረ ፈረንሳዊ ተጫዋችና የዝነኛው የፊሊዶር መምህር ነበር። በስሙ የሚጠራው ዘዴ የሚከተለው ነው።

1. ነጭ፦ ወታደር ኢ4። ጥቁር፦ ወታደር ኢ5።
2. ነጭ፦ ፈረስ ኤፍ3። ጥቁር፦ ወታደር ዲ6።
3. ነጭ፦ ጳጳስ ሲ4። ጥቁር፦ ጳጳስ ጂ4።
4. ነጭ፦ ፈረስ ሲ3። ጥቁር፦ ወታደር ጂ6።

የጥቁር ጳጳስ ኤፍ3 ላይ ያለውን ፈረስ ይዞታል፤ ፈረሱ ቢነሣ ንግሥቲቱ ትበላለች። ብዙ ጀማሪ «ይህ ፈረስ ታስሯል» ብሎ ይተወዋል። ነጩ ግን ቆጥሮ ያነሣዋል።

5. ነጭ፦ ፈረስ ኢ5ን በላ። ጥቁር፦ ጳጳስ ንግሥቲቱን በላ።
6. ነጭ፦ ጳጳስ ኤፍ7ን በልቶ ቼክ አለ። ጥቁር፦ ንጉሥ ኢ7።
7. ነጭ፦ ፈረስ ዲ5። ንጉሡ ተያዘ።

9 የሚያወጣው ጠጠር ተሠውቶ፣ 3፣ 3 በሚያወጡ ሁለት ፈረሶችና አንድ ጳጳስ ንጉሡ ተያዘ። እስከዚህ ድረስ ከሽልንጉ ወጥመድ የሚለየው አይመስልም። ልዩነቱ የሚገለጠው ጥቁሩ ባይጎመጅ ነው። በአምስተኛው እርምጃ ንግሥቲቱን ትቶ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስ በዲ6 ወታደር ቢበላ፣ ነጩ በንግሥቱ ጂ4 ላይ ያለውን ጳጳስ ይበላል። ስንቆጥር ነጩ አንድ ፈረስ ሰጥቶ አንድ ጳጳስና አንድ ወታደር አገኘ። ተጋጣሚው የተሻለውን መልስ ቢሰጥም ነጩ በአንድ ወታደር ይበልጣል። ይህ እንግዲህ መሠዋት የሚባለው ነው፤ በተጋጣሚው ዕውርነት ላይ አልተመሠረተም።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአራተኛው እርምጃ ጥቁሩ ወታደሩን ጂ6 በመግፋት ፈንታ ፈረሱን ሲ6 ላይ አውጥቶ ቢሆን ኖሮስ? ነጩ ያንኑ መሥዋዕት ቢያደርግ ጥቁሩ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስ በፈረሱ ይበላዋል። ያ ፈረስ ኢ5 ላይ ቆሞ ጂ4 ያለውን ጳጳሱን ይጠብቃል፤ የነጩንም ጳጳስ ሲ4 ላይ ያስፈራራል። ነጩ ፈረስ ሰጥቶ ወታደር ብቻ አገኘ። የነጩ እርምጃ ያው ነው፤ የተለወጠው በጥቁሩ በኩል ያለ አንድ ፈረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘዴን በቃል መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ዘዴው የሚሠራበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል።

ታላላቆቹ እንዴት ይሠዉ ነበር?

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓ መሠዋት የጨዋታው ክብር ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ጀርመናዊው አንደርሰን ከኪዘሪትስኪ ጋር ባደረገው ጨዋታ አንድ ጳጳስ፣ ሁለቱን ግንቦችና ንግሥቱን ሰጥቶ በቀሩት ትናንሽ ጠጠሮች በ23ኛው እርምጃ ንጉሡን ይዟል። ጨዋታው እስከ ዛሬ «ዘላለማዊው» እየተባለ ይነገርለታል።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ሽታይኒትስ እ.ኤ.አ. በ1886 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እርሱ ያስተማረው፣ ማጥቃት የሚገባው በገበታው ላይ ብልጫ ያለው ተጫዋች መሆኑን ነው። ብልጫ ሳይኖረው የሚያጠቃ ሰው የሚያሸንፈው መከላከል የማያውቀውን ብቻ ነው። የተሠዋለትን ጠጠር ተቀብሎ፣ በጥንቃቄ ተከላክሎ፣ ሲያስፈልግም መልሶ ሰጥቶ የሚወጣ ተጋጣሚ ሲመጣ አጥቂው ባዶ እጁን ይቀራል። ከሽታይኒትስ ወዲህም መሥዋዕቱ አልቀረም፤ ሒሳቡ ግን ጠበቀ።

የአባቶቻችን ሰንጠረዥና ወረራው

ፈጣን መክፈቻ ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል ቁጥር የሚሰፍርበት መደብ ትዝ ይለናል እንጂ፣ ስሙ የአገራችን የጥንት ቼዝ ስም ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ ወደ እኛ ደርሷል። ገበታው ብዙ ጊዜ በመስመር የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ቤቶቹ ጥቁርና ነጭ አይባሉም። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ በንግሥቲቱ ቦታ ቢቆምም የሚሄደው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ፊልም በሰያፍ ወደ ሦስተኛው ቤት ይዘላል። በአውሮፓ ፈርዝ ወደ ኃይለኛዋ ንግሥት የተለወጠው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የቀድሞው ሥርዓት እንዳለ ኖረ። ስለዚህ በሰንጠረዥ በአራት እርምጃ ንጉሥ መያዝ የሚታሰብ አልነበረም።

በዚህ ፈንታ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል የራሱ መክፈቻ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የፈለጉትን ያህል እርምጃ ይሄዳሉ። ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር በበላ ጊዜ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ላይ ላዩን ሲያዩት የእጅ ፍጥነት ውድድር ይመስላል። ነገር ግን ጠቢቡ ተጫዋች ዓይኑን በተጋጣሚው እጅ ላይ ተክሎ፣ የዚያኛው አሰላለፍ ሲለወጥ የራሱንም ያስተካክላል። የራሱን ብቻ እያየ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ይበላ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን በተራ ሲጫወት ሰልፉ ተበትኖ ይገኛል።

ይህ ጨዋታ በመኳንንት ዘንድ ምን ያህል የተወደደ እንደነበረ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ስላየው ጨዋታ ሲተርክ፣ የሚበላውን ጠጠር በኃይል መትተው ከቦታው እንደሚያነሡትና በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ምክር እንደሚሰጥ ይናገራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ሥርዓት በአንድ ጥናት ሰብስበው አስቀርተውልናል።

ስለ ሰንጠረዥ ከተጻፈው አንድ ነገር በተለይ ይደንቃል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ በፊልና በፈርዝ መያዝ ግን ሙያ ይባል ነበር። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረውንም ንጉሥ መያዝ አይፈቀድም። እንግዲህ ማሸነፍ ብቻውን አያስከብርም ነበር፤ በምን እንዳሸነፉ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው።

ከማጥመድ በፊት ሦስት ጥያቄዎች

ከላይ ያየናቸውን ምሳሌዎች ሰብስበን ለወጣት ተጫዋች የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎች እናውጣ። ወጥመድ ከመዘርጋታችሁ ወይም ጠጠር ከመሠዋታችሁ በፊት እነዚህን ለራሳችሁ አቅርቡ።

ሀ/ ተጋጣሚዬ የተሻለውን መልስ ቢሰጥ ምን ይቀርልኛል? የሚቀረው መልካም አሰላለፍ ከሆነ ተጫወቱት። የሚቀረው ጸጸት ከሆነ ተዉት።

ለ/ ይህ እርምጃ ወጥመድ ባይሆን ኖሮ እጫወተው ነበርን? ፈረስ ወይም ጳጳስ የሚያወጣ፣ መካከለኛውን ቦታ የሚይዝ ወይም ንጉሥን የሚያስጠብቅ እርምጃ ወጥመድም ቢኖርበት ጉዳት የለውም።

ሐ/ የምሠዋውን በምን እመልሰዋለሁ? ንጉሥ በመያዝ፣ ጠጠር በማስመለስ ወይስ የተጋጣሚን ንጉሥ ሜዳ ላይ በማስቀረት? «አንድ ነገር ይገኝ ይሆናል» የሚል መልስ ሒሳብ አይባልም።

ከትንንሾች ጋር ስትጫወቱ ደግሞ አንድ ልማድ ብትይዙ መልካም ነው። ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን በአራት እርምጃ ከረታችሁ ጠጠሮቹን ወዲያው አትሰብስቡ። ወደ ሦስተኛው እርምጃ መልሱና «እዚህ ጋ ምን ብትጫወት ይሻልህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ወታደር ጂ6ን ራሱ ካገኘው በማግሥቱ በዚያ ዘዴ አትረቱትም፤ ነገር ግን የሚመጥን ተጋጣሚ አገኛችሁ። ጎበዝ ተጋጣሚ የሌለው ተጫዋች ጎበዝ አይሆንም፤ ቼዝ ብቻውን የሚማሩት ጨዋታ አይደለምና።

ለመለማመጃ የቀረበ ጥያቄ

በለጋል ምሳሌ በአራተኛው እርምጃ ጥቁሩ ወታደሩን ጂ6 ከመግፋት ይልቅ ፈረሱን ከጂ8 ወደ ኤፍ6 አወጣ እንበል። ነጩ አሁንም በፈረሱ ኢ5ን ቢበላ መሥዋዕቱ ያዋጣዋልን? ሁለቱን የጥቁር መልሶች ለየብቻ መርምሩ፤ አንደኛው ንግሥቲቱን መብላት፣ ሁለተኛው ፈረሱን በዲ6 ወታደር መብላት ነው። ኤፍ6 ላይ ያለው ፈረስ ጂ4ንና ዲ5ን እንደሚያይ አትርሱ። መልሱን ከጓደኛችሁ ጋር ገበታ ዘርግታችሁ ፈልጉት፤ አንዳችሁ ነጩን፣ አንዳችሁ ጥቁሩን ያዙ፤ ከዚያም ተለዋወጡ።